ማለቴ…

ማክሰኞ ጠዋት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ነጂው የሰፈሬ ልጅ ነው። ሰላም ስለው ዝም አለኝ። ድሬ ውስጥ ሰው ይሰድብሃል እንጂ አይዘጋህም። ደግሜ ሰላም አልኩት። ዞር ብሎ፣

"አቦ ውረድ! የሌባ ባጃጅ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ?" አለኝ።

ወረድኩ። ገና 3 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን የቀትር ሥራዋን ጀምራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎግ አለኝ። እንደ ደቻቱ ወንዛችን ነው፤ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ድንገት ይሞላል። በቀደም አንድ ወዳጄ "አንተ፣ አሁን ማን ረጅም ጽሑፍ ያነባል? አጭር አጭሩን የሚለጥፉበት ቦታ ግባና ከብሎግህ ጋር አገናኘው" አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ገባሁ። ማገናኘቱ ቀላል ነው። የብሎጉን የአርኤስኤስ አድራሻ፣ ማለትም አዲስ የወጣው ጽሑፍ የሚዘረዘርበትን፣ ለአንድ ደላላ ፕሮግራም ትሰጠዋለህ። እሱ እየተመላለሰ ያያል። አዲስ ጽሑፍ ሲያገኝ መጀመሪያውን ቆንጥሮ፣ ሦስት ነጥብ ጨምሮ፣ ከነሊንኩ ይለጥፍልሃል።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ "የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ሌቦች ናቸው፣ እንግዳ ሲያዩ ዋጋ ይቆልላሉ፣ መልስ አይሰጡም እያሉ የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ ደሜ ይፈላል።" ደላላው የለጠፈው ደግሞ ይህን፦ "የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ሌቦች ናቸው፣ እንግዳ ሲያዩ ዋጋ ይቆልላሉ፣ መልስ…"

ደሜ የፈላው ከሦስቱ ነጥብ ወዲያ ቀረ።

አማርኛ ፍርዱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤት "ማሰሪያ አንቀጽ" ያሉን እሱ ነው። ሰውየው ወደደ ይሁን ጠላ፣ መጣ ይሁን ቀረ፣ አራት ነጥቡ ጋ ካልደረስክ አታውቅም። ጭራውን የቆረጠ ሰው አማርኛን አላሳጠረም፤ ገልብጦታል። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" የሚለውን ተረት ድሮም እወደዋለሁ። አሁን ግን ከአቆራረጥም እንደሚፈረድ አየሁ።

ከፊደል ቆጣሪዎች ጋር ደግሞ የቆየ ቂም አለኝ። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው የስልክ አጭር መልእክት፣ በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። የአክስቴ ልጅ አማርኛውን በላቲን እየጻፈ በአንድ ሒሳብ ቤተሰቡን በስም እየጠራ ይመርቃል። እኔ በፊደሌ ስጽፍ ገና ምርቃቱ ላይ ሳልደርስ ሁለተኛው መልእክት ይጀምራል። ትዊተርም ድሮ ልኩን 140 ያደረገው ከዚሁ የስልክ መልእክት ተነስቶ ነው፤ ከ160ው 20ውን ለስም ትቶ። በፈረንጆቹ 2017 ወደ 280 አሳደገው፤ እልል ተባለ። የኛ አንዱ ፊደል ግን እንደ ሁለት ስለሚቆጠር እኛ እዚያው 140 ላይ ቀረን። እርግጥ "ሰላም" በኛ ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን አምስት። ይህን አውቃለሁ። ቂሜን ግን አያበርድልኝም።

ድሬ ራሷ የማገናኘት ችግር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ጋራው አስቸገረና በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ከተማም ሆነ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር ያሏት። የሐረር ዕቃ እዚህ እየተራገፈ፣ በከብት ጀርባ ጋራውን ይወጣ ነበር። ባቡሩ ግን ያመጣውን ሙሉውን ነው ያራገፈው። ግማሹን ጅቡቲ ትቶ ሦስት ነጥብ አላደረገም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሰዉ ነው። ሊንኩ እኮ እዚያው ሥር አለ። ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው። የነካው ሦስት ሰው ሲሆን አንዱ እኔ ነኝ። የተሳደበውን አልቆጠርኩም። ይህ ሁሉ ደግሞ ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጦ አንድ ወሬ አራት ሰዓት ሙሉ የሚያኝክ ሕዝብ ነው! ቅጠሉ ሲያልቅ ወሬው አያልቅም። ሁለት አንቀጽ አንብብ ስትለው ግን "አቦ አሳጥረው!" ይልሃል። ጊዜ የለውማ! ምስኪን።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ባጃጁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ማስተካከያ ጻፍኩ። ደላላውን ማላቀቅ ነበረብኝ፤ በንዴት ረሳሁት። "የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ባለፈው ሳምንት የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ሌቦች ናቸው ማለቴ ተደርጎ የተወራው ፍጹም ስህተት ነው" ብዬ ነበር የጀመርኩት። ጠዋት ስነሳ ተለጥፎ አገኘሁት፦ "የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ባለፈው ሳምንት የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ሌቦች ናቸው ማለቴ…"

አሁን ባጃጅ ተራው ላይ ስሜ "ማለቴ" ነው። በእግሬ ሳልፍ ጥሩምባ እየነፉ ይጠሩኛል።