ካርዱ የት አለ?

ከመንዝ እስከ ምንጃር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ተግሣጽ ሳትቆጡ ስሙኝ። ሰው በሕክምና ላይ ሲሞትባችሁ «ሐኪሙ ገደለብን» ትላላችሁ። በለቅሶው ድንኳን ትላላችሁ፣ በፌስቡክ ትጽፋላችሁ። ለሚመለከተው ክፍል ግን አንዲት ማመልከቻ አትገባም። አስከሬኑ በማግስቱ ይቀበራል፣ ሠልስቱ ያልፋል፣ አርባው ይወጣል። የክስ ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በእጃችሁ ምን አለ? ሐዘን ብቻ።

ሐኪሞች ራሳቸውን በራሳቸው ይዳኛሉ ሲባል በእኛ አገር ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም መንግሥት ነው፤ የሐኪሞች ማኅበር ይመክራል እንጂ ፈቃድ አይነጥቅም። ጥፋት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚመረምረው ግን ከባለሙያዎች የተውጣጣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። በእሱ ምርመራ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ ወይም ስረዛ ሊከተል ይችላል። ብዙዎቻችሁ ክሊኒክ ስትከሱ አሁንም ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ትሄዳላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ እዚያ የቀረው ምግቡና መድኃኒቱ ነው፤ የባለሙያውና የጤና ተቋሙ ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልሎች ሄዷል። ለእኛ መነሻው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የዞኑ ጤና መምሪያ ነው። ባሕር ዳር ያለው ጤና ቢሮ ለአብዛኞቻችን በአዲስ አበባ ዞሮ የሚደረስበት ስለሆነ፣ እዚያ የምትሄደው ወረቀት ከዚህ ተሟልታ ትነሣ።

ኮሚቴው የሚያነበው የበሽተኛው ሕክምና የተጻፈበትን ካርድ ነው። እናት በወሊድ ሞታ ከሆነ መጀመሪያ የሚገለጠው የምጡ ሂደት በመስመር እየተነደፈ የሚመዘገብበት፣ ፓርቶግራፍ የሚባለው ወረቀት ነው። የጽንሱ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው ተመዝግቧል? የማሕፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተከፈተ ነበር? የምጡ መስመር በወረቀቱ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ መስመር አልፎ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለውን የእርምጃ መስመር ሲነካ ማን ተጠራ? ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ እናትየዋ ደም እንዳይፈሳት ማሕፀን የሚያኮማትረውን 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተወግታለች? በኋላ ተቀምጠው የሞሉት ፓርቶግራፍ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ የአሥር ሰዓት ምጥ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ አንድ ስርዝ ይገኛል። በቀዶ ሕክምና ከሆነ የስምምነት ፎርሙ፣ የማደንዘዣው ወረቀትና ሆድ ውስጥ እንዳይረሳ የሚደረገው የጋዝ (የደም መጥረጊያ ጨርቅ) ቆጠራ ይታያሉ።

ሞት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥሩ ሐኪም እጅም ይገድላል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንደ ሆነ ነው፤ በሽተኛው ዳነ አልዳነ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ሳትለዩ ሐኪም ስትደበድቡ ጎበዙ ሐኪም ከወረዳችሁ ይሸሻል፣ ጥፋተኛው ደግሞ «ሕዝቡ ጨካኝ ነው» ብሎ ከለላ ያገኛል።

አሁን ደግሞ «ቁጥጥሩ ይላላ» የሚል ድምፅ በዝቷል። ከክሊኒክ ባለቤቶች አንዳንዱ እውነት አለው፤ ለትንሽ ከተማ ክሊኒክ የክፍል ብዛት እየቆጠሩ በር መዝጋት ለማንም አይጠቅምም። ክፍሉ ይቀነስ፤ ባለሙያው ግን አይቀነስም። ግድግዳው ላይ ባለው ፈቃድ የተጻፈው ስም የአንድ ባለሙያ ሆኖ መርፌ የሚወጋው ሌላ ከሆነ፣ ያ ፈቃድ ተከራይቷል ማለት ነው። ይህን ታውቃላችሁ። አውቃችሁም ቅርብ ስለሆነ፣ በዱቤም ስለሚሰጥ ትሄዳላችሁ። የቁጥጥር ባለሙያ ሊያሽግ ሲመጣ «የሰው እንጀራ አትዝጋ» እያላችሁ የምትለምኑትም እናንተው ናችሁ። ቂጥ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ የእግሩን ዋና ነርቭ ይጎዳና ልጁ እግሩን እየጎተተ ያድጋል። ሊዶኬይን በሚባለው ማደንዘዣ የተበጠበጠ ሴፍትሪያክሶን፣ የባክቴሪያ መድኃኒቱ፣ ለጡንቻ እንጂ ለደም ሥር አይሰጥም፤ ይህን ያልተማረ እጅ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሐኪሞችን ለሐኪሞች ብቻ መተው ወዴት እንደሚያደርስ እንግሊዝ አይታለች። ሐኪሞቿን የሚመዘግበው ምክር ቤት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለ ሐኪም 15 በሽተኞቹን በመግደል እ.ኤ.አ. በ2000 ተፈረደበት፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ቁጥሩን ከ200 በላይ አደረሰው። አስከሬን ለማቃጠል የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ባልደረቦቹ ሳያጣሩ ፈረሙለት። ቀድመው ከጠረጠሩት መካከል የቀብር አስፈጻሚና የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ዛሬ በዚያ ምክር ቤት ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ከሐኪሞቹ እኩል ይቀመጣሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ የባልደረባን ጥፋት መሸፈን እንደ ወንድማማችነት ይቆጠራል፤ እናንተ ሐኪሞችም ይህ ይድረሳችሁ።

እንግዲህ ሞቱ ካጠራጠራችሁ ቀብሩን አዘግዩ፤ የአስከሬን ምርመራ የሚጠየቀው በፖሊስ ደብዳቤ ነው። የካርዱን ቁጥርና የሪፈር ወረቀቱን ያዙ፣ ተረኛው ማን እንደ ነበር በዚያው ቀን ጻፉ። ለተቋሙ ሜዲካል ዳይሬክተር የሕክምና ማስረጃ የሚጠይቅ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ይመታበት። ከከለከሏችሁ ያው ቅጂ ለጤና መምሪያውም ለፍርድ ቤትም ይሆናል። ሽማግሌ ካሣ አስማምቶ ቢያስታርቃችሁ መልካም፤ የፈቃዱን ጉዳይ ግን ሽማግሌ አይዘጋውም፣ ማመልከቻውን አትሳቡ። ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ማለትም ያለ ውል ለደረሰ ጉዳት፣ የሚቀርብ የካሣ ክስ በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ከዚያ ላይ አርባውንና ሙት ዓመቱን ቀንሱ።