ጣናን ማን አደፈረሰው?

ባሕር ዳር ውስጥ የከተማው ምክር ቤት ሊሰበሰብ ነው ከተባለ፣ ቡና የሚፈላበት ደጃፍ ሁሉ ቀድሞ ይሰበሰባል። ሰሞኑን የሚናፈሰው ወሬ አሮጌ ሰፈሮች ተነሥተው መልሰው ሊለሙ ነው፣ ለተነሺዎች ቤት ይታሰባል፣ ጣናና ዓባይም ከቆሻሻ ይጸዳሉ የሚል ነው። እውነት ይሁን የደላላ ወሬ ጊዜው ሲደርስ ይታያል። እኛ ግን ሳይደርስ ተጣልተንበታል።

የተቀመጥነው አንድ ቀበሌ ቤት ደጅ ላይ ነው። ቡናውን የምታፈላልን እትዬ እዚያው ቤት ተወልዳ፣ እዚያው ቤት ልጆቿን ያሳደገች ናት። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ። እኔ አለሁ። ሌላው ሰውዬ ቤትና ቦታ ያሻሽጣል። ክራቫት ማሰር ከጀመረ ወዲህ አማካሪ ነኝ ይላል። እኛም ለክራቫቱ ክብር ስንል አማካሪው እንለዋለን።

አማካሪው እንደ ልማዱ በዱባይ ጀመረ። «ዱባይ ውስጥ ውኃ ዳር የዛገ ቆርቆሮ ታያለህ?» አለ። ዱባይን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። በስልኩ ግን በየቀኑ ይመላለስባታል። «እግዜር እንዲህ ያለ ሐይቅ ሰጥቶን እኛ ጭቃ ቤት ደረደርንበት። ጣናን የገደለው እኮ ይሄ ሰፈር ነው። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ፣ እጣቢው ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ሐይቅ። ሰፈሩን አንሣው፣ ሐይቁ ይድናል። ምን ያስቸግራል?»

የኔታ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አሉ።

ተረቱን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅብ ከላይ ነው፣ አህያ ከታች። ጅብ ሆዬ «ውኃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ይላታል። አህያ ምን ትበል? ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ለማስረዳት ጊዜ አታባክንም። ነገሩ የውኃ እንዳልሆነ ገብቷታል። ታዲያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

አማካሪው ሳቀ። «የኔታ፣ እኛ ስለ ልማት እናወራለን፣ እርስዎ ስለ አህያ!»

የኔታ አልሳቁም። «እስቲ ልጄ፣ የጣና ውኃ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አሉት። ዝም አለ። ለነገሩ ዝም ቢል አልፈርድበትም፤ ከካሬ ሜትር ዋጋ ውጭ ተጠይቆ አያውቅም። የኔታ ጠቋሚ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ካርታ ሣሉ። ርብና ጉማራ በምሥራቅ በፎገራ በኩል ይገባሉ። መገጭ በሰሜን በደምቢያ በኩል ይመጣል። ግልገል ዓባይ ከእኛው ከሰከላ ተነሥቶ በደቡብ ምዕራብ ይገባል። መውጫው ግን ዓባይ ነው፣ እሱም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የሚባለው አረም መጀመሪያ የታየው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ፣ መገጭ ከሐይቁ በሚገናኝበት በኩል ነበር። የሚያወፍረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ይህም ከማሳ በጎርፍ ታጥቦ ከሚመጣ ማዳበሪያና ከየከተማው ሳይጣራ ከሚለቀቅ ፍሳሽ ያገኘዋል።

«እና የእትዬ እጣቢ ሽቅብ ቀዝፎ ደምቢያ ደረሰ?» አለ ባለ ባጃጁ። «ታንኳ ተከራይቶ ነው?»

እትዬ ሳቋ አመለጣት። አማካሪው «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። መልስ ሲያጣ ሁሉም ነገር ሌላ ጉዳይ ይሆንበታል።

እኔ ሰፈሩ ንጹሕ ነው አልልም። ክረምት ላይ ቦዩ ሲሞላ አፍንጫ ይዞ ማለፍ ነው። ግን ቦይ ቢሸት መፋሰሻ ይሠራል እንጂ ሰው ይነቀላል? ደግሞስ ከእትዬ ሳፋ በፊት የስንቱን ትልልቅ ሕንፃ ቱቦ ማየት ነበረብን። ያ ሁሉ ክፍል፣ ያ ሁሉ ልብስ ማጠቢያ፣ ያ ሁሉ ኩሽና ፍሳሹን የት ነው የሚያደርሰው? ሐይቅ ዳር መኪና አቁሞ በሳሙናና በናፍጣ የሚያጥበውስ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ነው? እትዬ ያላት መኪና ጀበናዋ ናት።

የኔታም ይህንኑ አነሡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ካላጸዳ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ድፍን ሃያ ዓመት አልፎታል። «ይኸ አዋጅ ከላይ ያለውን ትቶ ከታች ያለውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው» አሉ።

«እንዲህ እያላችሁ ነው ኢንቨስተር የምታሸሹት!» አለ አማካሪው። ክራቫቱን ፈታ አደረገ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ዞረ። በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር መሆኑን፣ መብራቱን፣ ስፋቱን ተረከልን። ድልድዩን ማን ጠላ? እኔም ማታ ማታ ነፋስ ልቀበል እሄድበታለሁ። ግን ድልድይ ስላማረ የእትዬ ቤት ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። ይቺን አታላይ መንገድ አውቃታለሁ። ስለ ጓዳ ስትጠይቀው ሳሎኑን ያሳይሃል።

ወደ ቤቱ ነገር የመለሰችን እራሷ እትዬ ናት። «እኔ ካሳ የሚሉትን አገኛለሁ?» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የእትዬ እናት ያኔ የገቡበት ቤት ነው ይኸው እስከ ዛሬ ያለችበት። ጣሪያውን ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል፣ ግድግዳውን በየዓመቱ ለስነዋል፣ በጓሮ አንዲት ክፍል ቀጥለዋል። ካርታ ግን የላትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። እሷ ግን ተከራይ ናት። ከእናቷ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ያደሱት ቤት ንብረቷ አይደለም። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለሚፈናቀል ወይም ኑሮው ለሚነካ ሰው ሁሉ ካሳ ወይም አማራጭ ይላል። ማንም የማያነሳት አንቀጽ ይቺ ናት። በጓሮዋ በደባልነት የተጠጋችው ልጅ እግር እናትማ መዝገብም ላይ የለችም። ቤቱ ሲፈርስ እንዳልነበረች ትሆናለች።

«ኮንዶሚኒየም ይሰጣታላ!» አለ አማካሪው። «ሀያ በመቶ ትቆጥባለች፣ የቀረውን ባንክ ያበድራታል። ሽንት ቤት በሴራሚክ! ምን ትፈልጋላችሁ?»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ጀበና ጥጄ ማን ይመጣልኛል፣ የኔ ወንድም?» አለች እትዬ።

ባለ ባጃጁ በጣቱ ሒሳብ ያዘ። ከከተማው ዳር፣ ከዘንዘልማ ወይ ከመሸንቲ፣ ጠዋት ከሰልና ሲኒ ተሸክማ ብትመጣ፣ ማታ ብትመለስ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፏን ይበላዋል። እሱ ያውቃል፣ ሒሳቡን የሚቀበለው እሱ ነው። «እኔ እንኳ በነጻ አላመላልስሽም» አላት፣ ምርር ብሎ።

ከገንዘቡ በላይ የከነከነኝ ግን ዕድሩ ነው። አማካሪው ይህን ሲሰማ አዛጋ። ዕድር ካሬ ሜትር የለውማ። እትዬ ባሏ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ሦስት ቀን ወለል ላይ አብሯት ያደረው ይህ ሰፈር ነው። በየወሩ እየከፈለች ሀያ ዓመት ያጠራቀመችው ሰው ነው። አሁን አንዱን ወደ ሰሜን፣ ሌላውን ወደ ደቡብ በዕጣ በትነህ፣ የተሻለ ቤት ሰጠሁሽ ብትላት ምን ትልሃለች? የእሷ ዋስትና ግድግዳ ሆኖ አያውቅም። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች አዲስ ሕንፃ ገብተው ለቀብር የድሮ ሰፈራቸው ሲመጡ አይቻለሁ።

የኔታ ደግሞ ወይጦዎችን አስታወሱን። ከማናችንም በፊት ጣና ዳር የኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሐይቅ ዳሩ በተሸነሸነ ቁጥር እየተገፉ፣ ደንገሉም እየሳሳ መጣ። ዩኔስኮ በ2007 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ ደስ ብሎን ነበር። ጥብቅ የተባለው ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ባለ ባጃጁ ተቀበለና «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለ፣ የኔታን ቀድሞ። አማካሪው ሒሳብ ከፍሎ ተነሣ። ስልክ ተደወለልኝ አለ። ስልኩ ሲጠራ ግን ማናችንም አልሰማንም።

ፍርዱን ለእኔ ተዉልኝ። መልሶ ማልማትን አልጠላም። ይህች ከተማ ሰፋፊ ጎዳናዋን ያገኘችው በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲያወጡላት ነው፤ ፕላን ይዞ የሚመጣ ይምጣ። ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ሐይቁና ወንዙ ላይ የሚያበቃ ቱቦ ሁሉ ጫፉ ይታይ፣ የማን እንደሆነ በስም ይነገር፣ ባለቤቱም ያጽዳ። ቀጥሎ ቤቱ ይሠራ፣ እዚያው አካባቢ፣ በንግድ ለሚኖር ምድር ቤት ተይዞለት፣ ዕድርተኛው ሳይበተን። ዶዘሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ካልሆነ ጽዳት ጽዳት አትበሉን። ቦታውን ፈለግነው በሉ፣ ቢያንስ ከነገሩ እንረፍ። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።

አማካሪው ያናደደኝን ያህል ግን የእኛም ነገር ያናድደኛል። ለሕዝብ ውይይት ስንጠራ ምን እናደርጋለን? የታሸገ ውኃ ይታደለናል፣ እንጠጣለን፣ እናጨበጭባለን። እጁን የሚያወጣ ቢኖር «በመጀመሪያ ለመድረኩ ምስጋና» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። ጠርሙሱንም ሐይቁ ውስጥ የምናገኘው ነገ ነው። ከዚያ ቡና ላይ መጥተን እንጀግናለን። ይህ እኮ «በላ ልበልሃ» ብሎ ዳኛ ፊት ሲሟገት የሚውል ሰው አገር ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬቴን አላስለካም ያለው የጎጃም ገበሬ የእኛው አያት ነው። እኛ ዲግሪ ይዘን የጎረቤት ቤት ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ መስኮት ዘግተን በስልክ እንቀርጻለን። የእኛ ላይ እስኪቀባ።

ዘመኑ ራሱ ፎቶ ሆኗል። መብራት ከበራ፣ ንጣፍ ከተነጠፈ፣ ሰው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ኋላ ቀር ይባላል። ልጅ እያለን እግራችንን ነክረን የምንጫወትበት ዳር ዛሬ አጥር አለው። ባለፈው ልጄን ጣናን ላሳያት ብዬ አንዱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብንል አስተናጋጁ መጥቶ «ሳያዝዙ መቀመጥ አይቻልም» አለን። ማኪያቶ አዘዝኩ። ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል፣ ሐይቁም ሒሳቡ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።