ማንም ያልነካው ደረጃ

እኛ ቤት ሰው ጥፋት አጥፍቶ አያውቅም። ብርጭቆ ራሱ ይሰበራል። ሪሞት ራሱ ይጠፋል። ወጥ ራሱ ያርራል። ስለዚህ ባለፈው ጳጉሜ 1 ቀን ቀቢው ልጅ መሰላሉ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ቀለም ተደፋ» ሲለኝ አልገረመኝም። እንዲያውም ወዲያው ቤተኛ መሰለኝ።

የተደፋው ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ነው። የተደፋበት ደግሞ የእንጨት ደረጃችን። 14 ረድፍ ያለው፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ያሠራው፣ የእንጨቱ ውበት እንዲታይ በቫርኒሽ ብቻ የተለበጠ ዋንዛ። ዋንዛ ማለት በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ስሙን ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። አዋጁ ግን ከእንዝህላል ቀቢ ስለመጠበቅ ያለው ነገር የለም።

ጠዋት «ደረጃውን ሸፍነኸዋል?» ብዬው ነበር። «ችግር የለውም ጋሼ» አለኝ። የሸፈነው በጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ቀለም ይጠጣል እንጂ አያስቆምም።

ፕላስቲክ ቀለም በውሃ የሚበጠበጥ ነው። ገና እርጥብ ሳለ በራሰ ጨርቅ ጠረግ ቢያደርገው ወጌ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ልጁ ግን ምሳ ሰዓቱ ደረሰ። ሲመለስ ቀለሙ ደርቋል። ቲነር አመጣ። ቲነሩ ቀለሙን አነሣ፤ ቫርኒሹንም አብሮ አነሣ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል የገረጣ ክብ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቫርኒሹ ተላጠ፣ ጋሼ።»

ራሱ ነው የተላጠው። እሺ።

ለበዓል ቀድመው የመጡት አጎቴ ነገሩን ቀረብ ብለው አዩት። «የምግብ ዘይት ቀባ አድርጉበት» አሉ። ቀባ አደረግንበት። ለግማሽ ሰዓት አዲስ መሰለ። አጎቴ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ደረጃው ሥር ቆሙ። ከዚያ ልጁ ቫርኒሽ ሲቀባበት ቫርኒሹ አልያዝ አለ፤ ውሃ በቅባታም ሳህን ላይ እንደሚሆነው እየተሰበሰበ ሸሸ። አጎቴ አላፈሩም። «የዘንድሮ ዘይት!» ብለው ወደ ቡናው ሄዱ።

ልጁ ዘይቱን እንደምንም አጥቦ እንደገና ቀባው። አሁን ያዘ። ግን ቫርኒሽ ዕድሜው ሲገፋ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ የእኛ ደረጃ ማር መስሏል። አዲሱ ቦታ በዚያ መሃል የወርቅ ጥርስ ሆኖ ብልጭ አለ። በር የከፈተ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሰላምታ እንኳ ከእሱ በኋላ ሆነ።

በመጨረሻ አናጢ ተጠራ። አናጢው ጥቂት የሚናገር ሰው ነው፤ ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር። «ነጥብ አይጠገንም» አለ። «ረድፉ ሙሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይፋቅና በአንድ ይቀባል። ያኔ ድንበሩ አይታይም።» በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀመረ፣ በ220 ጨረሰ። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሚፍቀው። ቀቢው ልጅ ቀደም ሲል ምጣድ እንደሚወለውል ሰው በክብ ሲያሸው የቀረውን ጭረት በጣቱ አሳየኝና ዝም አለ። ዝምታው ከስድብ ይከብዳል።

ሰባተኛው ሲያምር ስድስተኛውና ስምንተኛው አረጁ። ባለቤቴ ይህን ስታይ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አየችኝ ብቻ። 14ቱም እንዲፋቅ ተወሰነ።

ሂሳቡ እዚህ ጋ ነው የከበደው። የዘይት ቫርኒሽ አንዱ ሽፋን እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ያውም አየሩ ደረቅ ከሆነ። ጳጉሜ ደግሞ ዝናቧን አልጨረሰችም። መኝታ ቤቶቹ ፎቅ ላይ ስለሆኑ ደረጃውን ዘግተን መኖር አንችልም። ስለዚህ አናጢው በፈረቃ አደረገው፦ አንድ ቀን ጎዶሎዎቹ ረድፎች ይቀባሉ፣ በማግሥቱ ሙሉዎቹ። ሦስት ሽፋን በሁለት ፈረቃ 6 ቀን ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ግን በ4 ዓመት አንዴ ነው። አንዱን ሽፋን ቀነስን።

በ2012 በኮሮና ጊዜ መኪኖች በጎዶሎና በሙሉ ታርጋ ተራ ሲወጡ አይተናል። ያኔ እንኳ ትራፊክ ነበር። እኛ ቤት ሁሉም እየቆጠረ ይወጣል፤ መሃል ላይ ስልክ ይጠራል፣ ቁጥር ይጠፋል። አማቴ ጉልበታቸው ረድፍ መዝለል እንቢ ስላላቸው ሳሎን ተኙ። ልጄ ግን እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎት አያውቅም። ማታ መብራት ሲጠፋማ አጎቴ ከላይ ሆነው «አምስት ላይ ነኝ ወይስ ስድስት?» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ። እኔም ተኝቼ «ይወርዳሉ እንዴ ይወጣሉ?» እላለሁ። መልሱ እኮ እንደ አቅጣጫው ነው።

ወረቀት ላይ «እርጥብ ነው፣ አይነካ» ብዬ ለጠፍኩ። ትልቅ ስህተት። የእኛ ሰው «አይነካ» የሚለውን የሚያነበው በጣቱ ነው። የመጣ ሁሉ «እውነት አልደረቀም?» ይልና ጫን ያደርጋል። በሁለት ቀን ውስጥ ደረጃው ላይ ለፋይዳ መታወቂያ የሚበቃ አሻራ ተሰበሰበ። አናጢው እያንዳንዱን ፋቀ፣ መልሶ ቀባ፣ አሁንም ዝም አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰማሁት። ቀቢው ልጅ ቫርኒሽ የጠጣውን ጨርቅ ጨማዶ ጥግ ላይ ጥሎት ነበር። «አስጣው!» አለው። ለካ እንዲህ ያለ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ሲቀመጥ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ውስጥ ለውስጥ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ተመልከቱ እንግዲህ። እኛ ቤት በእውነት «ራሱ» የሚያደርግ ነገር ያየሁት ያንን ጨርቅ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሽፋን በዋዜማው ተቀባ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ስንነሣ ደረጃው ያበራል፤ የሳሎኑ መስኮት ይታይበታል። ስምንተኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጥርት ያለ፣ መስመሩ የሚቆጠር።

«ማን ነው?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ ሳሎን ነው ያደርኩት» አሉ አማቴ። ልጄ እጁን አስቀድሞ ዘረጋ፤ ጣቱ በጣም ትንሽ ነው። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩና «ይሄ አሻራ አይደለም፣ የእንጨቱ ዓይን ነው» አሉ።

«የእንጨት ዓይን ትናንት አልነበረም» አለች። «ሁላችሁም አውራ ጣታችሁን አሳዩኝ።»

እኔ ድፎ ዳቦውን ልቁረስ ብዬ ተነሣሁ።