ላንተ ይሆናል ብዬ ነው

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ገና በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ በርቶ፣ "ላንተ ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ። ከፈትኩት። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። አንዱ ላይ "በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ" የሚለው ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ጠረጴዛ ከብበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ለማያውቀው፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ጠንቋይ፣ ሌባ፣ ወታደር ሆነው ይገቡበታል። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚለየው ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ነው። መሪው እኔ ነኝ። ለጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ምላስ ይበቃል። ለኔ ግን አልበቃኝም። "ደብዳቤ አገኛችሁ" ከምል ደብዳቤውን ራሱን እጃቸው ላይ ባኖርላቸው ደስ ይለኛል። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ በሙሉ ቤቴን የቆሻሻ ገንዳ አደረገው። የቆመ ሰዓት፣ ክዳን የሌለው የሽቶ ጠርሙስ፣ ሦስት እግር ያለው የፕላስቲክ ፈረስ። የተሰበረ ሪሞት ያመጣልኝም አለ። ድራገኑ ቻናል ሊቀይር ነው?

"መጣሉ አሳዝኖኝ ነው" ይላሉ። ስለዚህ የመጣሉን ኀዘን ለኔ ያስረክቡኛል።

ይባስ ብሎ መከራከሪያውን ያቀበልኳቸው እኔው ነኝ። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን ይህን ጨዋታ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ፣ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ ርካሽ የፕላስቲክ አውሬዎች ገዝቶ ነበር። ምን እንደሆኑ የሠራቸውም ሰው የሚያውቅ አይመስልም። ከእነሱ አንዱ ብረት አዝጎ የሚበላ ፍጡር ሆነ፣ ሌላው ጉጉትና ድብ የተዳቀሉበት አውሬ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ። ይህን አንድ ማታ ሞቅ ብሎኝ አወራሁ። አሁን ሪሞት ይዞ የሚመጣው ሁሉ "ያ ሰውዬስ?" ይለኛል። ሰውዬው ሪሞት አልገዛም!

እሺ፣ ጠርሙስ። ጠርሙስ ለጠንቋይ መድኃኒት ይሆናል፤ አልካድኩም። ግን ሥራ አለው። ለብ ባለ ውኃ ትዘፈዝፈዋለህ፣ ወረቀቱን ትልጣለህ፣ የሚቀረውን ሙጫ በዘይት ታሸዋለህ፣ አንገቱን በሲባጎ ትጠመጥማለህ። አይቸኮልም። እኔ የምወዳት ተረት አለች፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል"። ለትዳርም፣ ለጫማ ማሰሪያም፣ ለሙጫም እጠቅሳታለሁ። ጓደኞቼ ገና "ሲሮ..." ስል ይነሳሉ።

ተረቷን የተማርኳት ደግሞ በቆዳዬ ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎበት ከመጣ ነጭ ፎም ቤተ መንግሥት ቀረጽኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ድንጋዩን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ነው የጫርኩት። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀር ግራጫ ስፕሬይ ነፋሁበት። ቤተ መንግሥቱ ዓይኔ እያየ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። በውኃ የሚቀጥን ቀለም አስቀድሜ በብሩሽ ብቀባው ኖሮ ይተርፍ ነበር። ቸኩዬ ነዋ። ለተጫዋቾቹ "ጠላት ቀድሟችኋል" አልኳቸው።

የንጉሡ ኑዛዜም እንደዚያው ነው። ወረቀት ለማስረጀት ሻይ ውስጥ ይነከራል። መጀመሪያ ጨምደድ ካደረግከው እጥፋቱ ላይ ሻይው ይጠቁርና ያምራል። ብቻ ጽሑፉን በኢንክጄት፣ ፈሳሽ ቀለም በሚረጨው ፕሪንተር፣ አትመህ እንዳትነክረው። የሌዘር ፕሪንተር ዱቄት ወረቀቱ ላይ ቀልጦ ስለሚጣበቅ ውኃ አይደፍረውም፤ የኢንክጄት ቀለም ግን አብዛኛው ይፈሳል። እኔ በኢንክጄት አተምኩ። የንጉሡ የመጨረሻ ቃል ሰማያዊ ደመና ሆነ። "ምን ይላል?" አሉኝ። "እያለቀሰ ነው የጻፈው" አልኩ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጠርዝ ማቃጠል ነው። ምን ዓይነት አባዜ ነው? አሮጌ ካርታ የሚሠራ ሰው በሙሉ ክብሪት ይጭራል። አራቱም ጠርዝ እኩል ተጠብሶ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ፊደል ሳትነካ! እሳቱ ማንበብ ይችላል እንዴ? አሮጌ ወረቀት አይጥ ይቀረጥፈዋል፣ ብል ይበላዋል፣ እርጥበት ያወይበዋል፣ እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ብዙ ጣት የነካው ጥግ በወዝ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ትቶ ማቃጠል ስንፍና ነው። ስንፍና ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። አንድ የማውቀው ሰው መጋረጃውን አስረጅቷል።

ስለ ጓደኛዬ ነበር የማወራው። ሰውየው ከሦስት ዓመት በፊት ቁልፍ ተውሶኛል። ተራ ቁልፍ አይደለም። ከባድ የብረት ቁልፍ፣ የመዳፍ ርዝመት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ድው የሚል። ያ ድምፅ ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነበር። "ለአንድ ማታ" ብሎ ወሰደ። ስጠይቀው "የትኛው ቁልፍ?" ይለኛል። ቁልፌን ወስዶ በምላሹ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ የሚያመጣልኝ ሰው ነው እንግዲህ።

ፌስታሉን ልጥለው ወጥቼ ነበር። ገንዳው አጠገብ ስደርስ አንዷ ብልጭ አለችብኝ። ሰማያዊ፣ የእውነት ብርጭቆ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ። አንዷን ብቻ ብዬ አወጣኋት። ከዚያ፣ እንግዲህ አንዷን ካወጣሁ፣ ፌስታሉም ተመለሰ። አሁን አልጋ ሥር ነው። ከሪሞቱ ጎን።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሰማያዊዋን በቡሽ ደፍኜ፣ የሻማ ሰም አንጠባጥቤባት፣ ጠረጴዛው መሐል አቆምኳት። ጠንቋይዋ እንኳ ዝም ብላ አየቻት። ጓደኛዬ አንስቶ አገላበጣትና፣

"ይቺ የኔዋ አይደለችም እንዴ? ስንጨርስ እወስዳታለሁ" አለ።

"ቁልፌስ?"

"የትኛው ቁልፍ?"

የቀሩትን አሥራ ስድስት ግን ስማቸውንም አላነሳ።