ደንብ የጣሰ የድምፅ ካርድ፦ በቁጥሩ ይያዝ ወይስ ጠባዩ ይፈተን?

በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2006 እና በ2016 ታትሞ ወጥቷል። ደንቡን አከብራለሁ እያለ የሚጥስ ካርድ ግን ሞልቷል። የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ እንዲህ ያለውን ካርድ በመለያ ቁጥሩ ይያዘው ወይስ ጠባዩን ፈትኖ ይላመደው? ሁለት የጎንደር ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ አንዱ ከአዘዞ፣ አንዷ ከማራኪ።

ከአዘዞ፦ በቁጥሩ ይያዝ። ካርድ ሲሰካ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ይናገራል፤ ድራይቨሩም ኩዊርክ ከሚባለው ሰንጠረዥ ለዚያ ቁጥር የተጻፈውን ያነሳል። አንድ የታወቀ ጥፋት እንይ። ድራይቨሩ «በ48000 ኸርዝ ሂድ»፣ ማለትም በሰከንድ 48000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) አስተናግድ፣ ብሎ ያዝዝና «አሁን በስንት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዱ ዝም ይላል፤ ድምፁም ሳይጀምር ይዘገያል። መፍትሔው ሰንጠረዡ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የምትሆን ምልክት) ናት፦ ይህን ካርድ ፍጥነቱን አትጠይቀው። ጥያቄውን ለሁሉም ብናስቀረውስ? 48000 ታዝዞ በ44100 የሚሠራ ካርድ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍበት ያልፋል። በእሱ የተቀዳ የጥምቀት ወረብ ሲከፈት 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የአንዱን ጉድለት ለመሸፈን ሲባል የደኅናው ካርድ ፍተሻ መጥፋት የለበትም።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ፒያሳ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ርካሽ ካርዶች ቅርፊታቸውም ቁጥራቸውም አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ሊለያይ ይችላል። ያኔ ሰንጠረዡ ለታመመው የታዘዘውን መድኃኒት ለጤነኛውም ይሰጣል።

ፈትኖ መላመድ እንደሚሠራ ማስረጃው እዚያው ድራይቨሩ ውስጥ አለ። ከሃይ ስፒድ በሚዘገየው በፉል ስፒድ ዩኤስቢ፣ ካርዱ በአንድ ሚሊሰከንድ ስንት ናሙና እንደሚፈጅ በ3 ባይት ያሳውቃል፤ 14ቱ ቢት ከነጥብ በኋላ ላለው ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ቁጥሩ 48 በ16384 ተባዝቶ 786432 ይሆናል። ለሃይ ስፒድ የተደነገገውን፣ ከነጥብ በኋላ 16 ቢት ያለውን አጻጻፍ እዚህ የሚጠቀም ካርድ ግን 3145728 ይልካል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። እንዳለ ቢታመን 48 ናሙና ለሚበቃው 192 ሊላክለት ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ድራይቨሩ ግን የመጀመሪያውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል፤ እስኪቀራረቡ ቢቶቹን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋና ባገኘው ይቀጥላል። የማንንም መለያ ቁጥር አልጠየቀም። ነገ የሚሠራ ካርድም ይጠቀምበታል።

ከአዘዞ፦ ልክ ነሽ፤ የሠራው ግን የሚጠበቀው ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። እስቲ የድምፅ መጠኑን ተመልከቺ። ደንቡ የሚቆጥረው በዴሲቤል 256ኛ ነው። መጠኑ በአንድ ጊዜ የሚጨምርበትን እርምጃ ከእውነተኛው አሳንሰው የሚያሳውቁ ካርዶች ስላሉ፣ ድራይቨሩ አንድ እርምጃ ጨምሮ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ካልገጠመ እርምጃውን እጥፍ ያደርጋል። ከ1 ቢነሳ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 256፣ 512 ይሄዳል። የአንዳንድ ዌብካሞች ልክ ደግሞ 384 ነው፤ አንድ ተኩል ዴሲቤል። 1ን በማጠፍ 384 ላይ አይደረስም፤ ስለዚህ በየቁጥራቸው ሰንጠረዡ ላይ ተጻፈላቸው።

ሰንጠረዡ እስኪታደስም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ድራይቨሩ ሲጫን ኩዊርክ ፍላግስ የሚባል የማስተካከያ ቁጥር ይቀበላል፦ 1 «ፍጥነቱን አትጠይቅ»፣ 256 «በየትእዛዙ 20 ሚሊሰከንድ ቆይ»፣ ሁለቱ አንድ ላይ 257።

ከማራኪ፦ 257 ላይ ለመድረስ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መዝገብ ማንበብ ይጠይቃል፤ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ይህን አያደርግም። ፈተናው የወደቀውም በእጥፍ ብቻ ስለሚዘል ነው። ካርዱ የተጻፈለትን ከስሩ ወዳለው ነጥብ ካወረደው፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መልሶ ማንበብ ነው። የሁለት ተከታታይ ነጥቦች ልዩነት ራሱ 384 ይሰጣል።

ከአዘዞ፦ ለሚያወርደው ይሠራል፤ ያልሽው ይሞከር። የጻፍሽለትን እንዳለ የሚያስተጋባው ካርድ ግን 1ንም 2ንም እሺ ይላል፣ ድምፁ ግን ንቅንቅ አይልም። የእሱን ልክ የምናገኘው መውጫው ላይ ለክተን ነው፤ ያንን ልኬት ሰንጠረዡ ላይ ካልጻፍነው የት እናስቀምጠው?