ፈረንጁ የታለ?

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬ ላይ ያለው ዋልካ እንኳ አልደረቀም። ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቅናት ታውቃላችሁ። የእህቴን ልጅ ይዤ፣ ከቆላ ድባ ወዲያ ወርደን፣ ጣና ዳር ያለውን ረግረግ በእግር ልናይ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወፍ ሲባል ነፍሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ስንት ቀን ቀረው?» ሲለኝ ሰነበተ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ረዳቱ ለልጁ ሙሉ ሂሳብ ተቀበለኝና ሰው ሲበዛ «ጭንሽ ላይ አድርጊው» አለኝ። እሱን ተውት፣ የየቀኑ ነው።

ወርደን ብዙ ከተጓዝን በኋላ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጥበቃው ተነስቶ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ፈረንጁ የታለ?»

«የምን ፈረንጅ?»

«አስጎብኚ አይደለሽም?»

«አይደለሁም። እኛው ነን።»

«መኪናሽስ?»

«በእግር ነው የመጣነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በእግር ምን ልትለቅሚ?»

«ወፍ ልናይ።»

በሳቅ ፈረሰ! ጓደኛውን ተጣራ። «ኧረ ና ስማ! ወፍ ለማየት መጣሁ ትላለች! ጎንደር ወፍ አጣሽ እንዴ?» ሁለቱም ሳቁብኝ። ልጁ እጄን ጨመቅ አደረገው። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ለራሴማ ለምጄዋለሁ።

ሲበቃቸው «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

«ከየት?»

«ከሚመለከተው።»

«የሚመለከተው ማነው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እኔ! እኔ አውቃለሁ! ይህን እያለኝ አንድ ላንድ ክሩዘር መጣ። ጥያቄ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሮጦ ገመዱን ጣለለት፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። አቧራው እኛ ላይ ቀረ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። እምቦጭ ጣናን ሲወርር ያኔ ማን ነበር የተጠራው? ከከተማ በአይሱዙ ተጭነን አልሄድንም? እኔም ሄጃለሁ። ደረታችን ድረስ ውሃ ገብተን በእጃችን ነቅለናል። ሲመሽ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ እንጀራ መቁረስ አቅቶኛል። ያን ቀን ማንም ደብዳቤ አልጠየቀኝም። ፈረንጁ የታለ ያለኝም የለም። ለመንቀል ጊዜ የሐይቁ ባለቤት ነኝ፣ ለማየት ሲሆን ሌባ ነኝ?

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮውም ነዋሪውም ተስማምተው እንዲኖሩ የሚጠበቅ ቦታ፣ ብሎ መዝግቦታል። በየስብሰባው «የሕዝብ ሀብት፣ እንጠብቀው» ይባላል። ሕዝቡ ማነው? በእግሩ የሚመጣው አይደለም?

ባለፈው ክረምትም እንዲሁ ነው የሆንኩት። በሌላ በኩል ወርጄ ባይኖኩላሩን ሳወጣ ገበሬዎቹ መሬት ልትለካ የመጣች መስላቸው ተሰበሰቡብኝ። እነሱን ግን አልቀየምም። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስንቴ መሬት እንደወሰደባቸው እነሱ ያውቃሉ። ልክ ነበሩ።

ዛሬም ያተረፈን ገበሬ ነው። ከገመዱ ተመልሰን ስንሄድ አንድ አባት ከእርሻቸው ጠሩን። «ልጁን ለምን አስከፋችሁት?» አሉ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኔ ማሳ እለፉ» አሉና እሸት ሽምብራ ነቅለው አስታቀፉት። ያ መሬት ባህር ሽሽ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘሩበታል። ከማሳው ጫፍ ጀምሮ ማጥ ነው። እሳቸው ፊት ፊት እየሄዱ በዱላቸው የሚረገጠውን ቦታ እያሳዩን፣ ደንገሉ ዳር አደረሱን።

እዚያ ነበሩ። ራሳቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የደፉ፣ ጉንጫቸው ከሥር ቀይ የሆነ ረጃጅም ወፎች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። ልጁ ትንፋሹን ዋጠ። ራቅ ብሎ ግራጫ ዘመዶቻቸው ቆመዋል፣ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡት። ልጁ ጆሮዬ ላይ «እነሱስ ደብዳቤ አላቸው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

አባት ደግሞ በጣታቸው አሻግረው አሳዩን። «እስከዚያ ድረስ ደንገል ነበር» አሉ። አሁን ታርሷል። ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት እኮ እንዲህ ባለው ዳርቻ ነው። ከደጋ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራው ደንገሉ ነው። ታንኳውም የሚሠራው ከእሱ ነው። ደንገሉ ካለቀ ዓሣው፣ ታንኳው፣ ወፉም አብሮ ይሄዳል። ይሄን እኔ ያወቅሁት በእግሬ ሄጄ ስላየሁ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ ደንገልና ሣር አይለይም።

አንድ ምልክት የለም። አንድ የእግር መንገድ የለም። ማጡ ላይ ጥቂት ጣውላ ቢጣል፣ አንድ የሠፈር ልጅ ሰልጥኖ ቢመራን፣ እኔ እከፍላለሁ። በደስታ ነው የምከፍለው! ለረዳቱ ከምከፍል ለዚያ ልጅ ብከፍል ይሻለኛል።

ደከመኝ። ስመለስም ሚኒባሱ አዘዞ ላይ ተበላሽቶ አንድ ሰዓት ቆምን። ቤት ስገባ ቧንቧው ውሃ የለውም። አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ከጣና ዳር መጥቼ እግሬን የምታጠብበት ውሃ የለኝም።

ከእናንተ ውስጥ ደብዳቤው ከየት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ካለ ከስር ይጻፍልኝ። ልጁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀን መቁጠር ጀምሯል። ለአባትም ግማሽ ኪሎ ቡና እወስድላቸዋለሁ ብያለሁ።