ጣናን ያደረቀው የአትላንቲክ ጥልቅ ውኃ ነው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣና የደረቀው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቅ ዝውውር ስለተዳከመ ነው።» ደጋፊው ባሕር ዳር ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ነው። ተቃዋሚው ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ደጋፊ

ጋሼ፣ ከደንገሉ ልጀምር። አጥኚዎች ከጣና ወለል 10 ሜትር ያህል ደለል በቱቦ አውጥተው ነበር። ከሥሩ ያገኙት ደርቆ የጠጠረ ጭቃ ነው። በላዩ የበሰበሰ ደንገል ተነጥፏል፤ የሐይቅ ደለል የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ዛሬ ደንገል የምናጭደው ከዳር ነው፤ ያኔ ግን የበቀለው መሐል ላይ ነበር። የዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ ጣና የሚባል ሐይቅ አልነበረም ማለት ነው። ቀጥሎ ረግረግ ሆነ፣ ቆይቶ ሞላ፣ ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ ጢም ብሎ ፈሰሰ። «ዓባይ ማደሪያ የለው» እንላለን፤ በዚያ ዘመን ከጣና መነሻም አልነበረው።

በዚያው ጊዜ ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ ምን ሆነ? ከሰሜን አሜሪካ የበረዶ ክምር እየተገመሱ የወጡ ተራራ የሚያህሉ ግግሮች ባሕሩ ላይ ቀለጡ፤ ተሸክመውት የመጡት ጠጠር ዛሬም ወለሉ ላይ ተነጥፎ ይገኛል። የቀለጠው ውኃ ጨው ስለሌለው ቀላል ነው፣ ላይ ይንሳፈፋል። የዝውውሩ ጉልበት ግን ጨዋማ ውኃ ሰሜን ላይ ቀዝቅዞ፣ ከብዶ መስጠሙ ነው። በዛሬው ልኬት ይህ ግልበጣ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያንቀሳቅሳል። መስጠሙ ሲዳከም ሞቃቱ ውኃ ወደ ሰሜን መጓዙን ይቀንሳል፣ ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፣ በምድር ወገብ አካባቢ ምድርን የሚዞረው የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። ያን ጊዜ የጎጃም ክረምት ክረምት አይሆንም።

ምስክሩ ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ ካለችው ከቤርሙዳ ደሴት አጠገብ ከባሕር ወለል የወጣ ደለል ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ፕሮታክቲኒየምና ቶሪየም የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ሁልጊዜ በማይለዋወጥ ንጽጽር ያመነጫል። ቶሪየም ቶሎ ይዘቅጣል። ፕሮታክቲኒየም ግን ስለሚቆይ ፍሰቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ፍሰቱ ሲቆም ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ፣ ፕሮታክቲኒየም ለቶሪየም ያለው ንጽጽርም ከፍ ብሎ ወደ 0.093 ይጠጋል። ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ በተከማቸው ደለል የተገኘው ቁጥር ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ተቃዋሚ

ልጄ፣ ጣና መድረቁን እኔም አምናለሁ። የማልቀበለው «ስለ» የምትለዋን ቃል ነው።

መጀመሪያ ምስክርህን ልመርምር። በደለሉ ውስጥ ያለውን የፕሮታክቲኒየም መጠን የሚወስነው ፍሰት ብቻ አይደለም። የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ደቂቅ የባሕር ዕፅዋት ሲበዙም አጣብቀው ወደ ወለል ያወርዱታል። ቁጥሩ ሲጨምር ፍሰቱ ቆመ ከማለትህ በፊት ዕፅዋቱ አለመብዛታቸውን ማሳየት ይኖርብሃል።

ሁለተኛ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከምድር ወገብ ላይ ሆኖ በዚያው ዘመን ደርቋል። መቀነቱ ወደ ደቡብ ሸሸ ካልን፣ ከእኛ ይልቅ ለደቡብ የቀረበው ሐይቅ ስለ ምን ደረቀ? (ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ዘመን ሲደርቁ ነጩም ጥቁሩም ዓባይ ከሐይቅ የሚያገኙት ተቋረጠ ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ዛሬም ቢሆን ሱዳን ከሚደርሰው ዓባይ ከጣና የሚወጣው አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ብዙውን የሚያወርዱት እንደ ሙጋና ጨሞጋ ያሉ ገባሮች ናቸው።)

ሦስተኛውና ዋናው፦ ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት አትላንቲክ እንደገና ተዳክሟል፣ ሰሜኑም እንደገና ቀዝቅዟል። ጣና ግን ያኔ እስከ ወለሉ አልደረቀም። ያው ምክንያት ሁለት ጊዜ መጥቶ አንዴ ብቻ ከገደለ፣ ገዳዩ ሌላ ነው። ዝናብ ሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ውኃ አያውቅም። የሚያውቀው የባሕሩን ገጽ ሙቀትና ነፋሱን ነው።

ደጋፊ

የቪክቶሪያው ነገር እውነት ነው፣ መቀነቱ መሸሹ ብቻውን አይበቃም። የባሕሩ ገጽ ሲቀዘቅዝ ትነቱም ያንሳል፤ ሁለቱ ተደርበው ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ግን ሐሳቤን አያፈርስም፣ ያጠነክረዋል። በዚያው የቤርሙዳ ደለል የፍሰቱ መዳከም ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። ፀሐይም ተለውጣ ነበር፦ ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ወቅት ቀስ በቀስ እየዞረ ሄዶ፣ ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ የሰሜኑ በጋ ፀሐይ ከፍተኛ ሆነ። ለሰሜኑ በጋ የሆነው ለእኛ ክረምት ነው። ዱላው ቀለል ያለ፣ ተመቺውም የበረታ ነበር።

ስለ ገጹ ላሉኝ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ሰሜኑ ላይ ገጹን ማን አቀዘቀዘው? ከሥር የሚሰጥም ውኃ ስላልነበረ ነው ከላይ የሚሳብ ሙቅ ውኃ ያነሰው። ከ14,700 ዓመት በፊት ፍሰቱ ሲመለስ ግሪንላንድ በጥቂት አሥርታት ውስጥ ሞቀች።

ተቃዋሚ

እንግዲህ በራስህ ደንገል ልያዝህ። ፍሰቱ የተመለሰው ከ14,700 ዓመት በፊት ነው ካልክ፣ ከዚያ በፊት ረግረጉን ማን አጠጣው? ደንገል በአቧራ ላይ አይበቅልም። ውኃው መመለስ የጀመረው አትላንቲክ ገና ደክሞ ሳለ ነው።

እኔ ደቡቡን አያለሁ። በአንታርክቲካ ዙሪያ ነፋሱ ሲበረታ ለዘመናት ታፍኖ የኖረ ጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ወጣ፣ የያዘውን ካርቦንም ተነፈሰ። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ በታሰረው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ18,000 ዓመት በፊት ከአየሩ ከሚሊዮን እጅ 190 እጅ ያህል ነበር፤ ወደ 15,000 ሲቃረብ 230 ገደማ ደርሷል። ባሕሩን አሙቆ ዝናቡን መመለስ የጀመረው ይህ ነው እላለሁ።

ደጋፊ

ያ የደቡቡ ውኃም ጥልቅ ውኃ ነው፣ ጋሼ! ከእኔ ወገን ገብተዋል። ረግረጉን ግን አልሸሸውም። የደለሉ ዕድሜ በመቶዎች ዓመታት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፣ እሱ ብቻ ግን መልስ አይሆነኝም።

ስለዚህ መለኪያችን ይህ ይሁን። የበረዶ ግግሮቹ ጠጠር አትላንቲክ ላይ የተነጠፈው አንዴ ብቻ አይደለም፦ ከ24,000፣ ከ31,000፣ ከ38,000 ዓመታት በፊትም ተነጥፏል። ከጣና ሥር ከደንገሉ በታች ጠልቀን ስንሄድ በእነዚያ ዘመናት ሁሉ የደረቀ ጭቃ ካገኘን እርስዎ ይቀበላሉ። በአንዱ እንኳ ያልተቋረጠ የጥልቅ ሐይቅ ደለል ከተገኘ እኔ እቀበላለሁ።

ተቃዋሚ

ተስማምቻለሁ። ቪክቶሪያም ይጨመርበት።